ቦል ጆይንት በግቢ አይነካም ላሉት

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «አንተን የሚመለከት ነገር ነው፣ አንብበው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ስለ መኪና እግር ነው፤ በተለይ ስለ ቦል ጆይንት፣ የፊት ጎማውን ከመኪናዋ ጋር ስለምታያይዘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቦል ጆይንት የነፍስ ጉዳይ ስለሆነ ከጋራዥ ውጭ አይነካም። እግር ኳ ኳ ካለ ቦል ጆይንቱ አልቋል። ሥራው ፕሬስ (ዕቃን በኃይል ገፍቶ የሚያስገባ ማሽን) እና ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። ሲቀየር ሁልጊዜ ግራና ቀኝ አብሮ ነው። ጋራዥ ከሠራው ደግሞ ሐሳብ የለም። መሀል ላይ፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሜዳና ደረቅ ከተማ እግር ቶሎ እንደማያልቅ ጣል አድርገው ያልፋሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እምቢ ብለው ራሳቸው ለሚሠሩ ሰዎች ሁለት ምክር ይሰጣሉ። አንደኛው፣ ከኳሷ የሚወጣውን ሾጣጣ ዘንግ ግሪስ ቀብታችሁ ክተቱት የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይዞር የምትሰካው ቀጭን ሽቦ) ቀዳዳ አልገጥም ካለ ዳዶውን ትንሽ ወደ ኋላ መልሱት የሚል ነው።

አቦ! ሌላውን ሁሉ እሺ ብዬ ልለፈው፤ እነዚህን ሁለቱን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ሰውን «ቤትህ አትሥራ» ማለት ያስኬዳል። ከዚያ ዞር ብሎ ለሚሠራው ሰው የተሳሳተ ነገር መንገር ግን አያስኬድም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። የተስማማሁበትንም አልደብቅም።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልናገር። መካኒክ አይደለሁም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምኖር፣ ቀን ቢሮ የምውል፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራች ኮሮላ ያለችኝ ሰው ነኝ። የታችኛውን ቦል ጆይንት ግቢዬ ውስጥ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ አንዴ የቀኙን፣ አንዴ የግራውን። የቀኙን ስቀይር እንደ ጅል ነው የሠራሁት። የግራውን ስቀይር ግን አንድ ጎረቤቴ ወንበር ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እኚህ አዛውንት ዕድሜያቸውን የፈጁት በምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ይህቺ ከተማ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከዚራ የሚባል ሰፈርም የለ፣ ለገሀሬም የለ። እዚያ ወርክሾፕ ያረጁ ሰዎች ብረት ሲያዩ ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ ነው የሚያዩት። ከታች የምጽፈው ጥሩ ጥሩው ነገር የሳቸው ነው፤ ስህተቱ የኔ።

ከድሬ ልጀምር። «ሜዳና ደረቅ» የተባለው ግማሽ እውነት ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ሜዳ ናት። ግን ድሬ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ማን ነው? ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ዘመድ ጥየቃ አለ። ድሬ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ። መሀል ላይ የደንገጎ ዳገት አለ። ደንገጎን የሚወጣ መኪና መሪው ከግራ ቀኝ ሲጠማዘዝ ነው የሚሄደው፤ በእያንዳንዱ ጥምዝ የቦል ጆይንቷ ኳስ ቤቷ ውስጥ ትዞራለች። ሲወርድ ደግሞ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት እግር ይጫናል።

ደረቅ መሆኗንም አልክድም። ቡሎኖቻችን እንደ ሌላው አገር በዝገት ተጣብቀው አያስቸግሩንም፤ ለቤት ሠራተኛ ይሄ ትልቅ ጸጋ ነው። ቦል ጆይንትን የሚገድለው ግን ዝገት ብቻ አይደለም። ኳሷ በግሪስ ተነክራ የምትኖረው ላስቲኳ ደህና እስከሆነ ድረስ ነው። የድሬ ፀሐይና ሙቀት ላስቲክ ያደርቃል። ላስቲኩ ሲሰነጠቅ አቧራው ይገባል። አቧራ ከግሪስ ጋር ሲቀላቀል ማለስለሻ መሆኑ ይቀርና መፈግፈጊያ ይሆናል። በዚያ ላይ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አቋርጦ የሚያልፍ መኪና አለ፤ በጋ ላይ ደረቅ አሸዋ፣ ክረምት ላይ ጭቃና ውሃ። ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በጎርፍ ያደረገውን የምናውቅ ሰዎች ያንን ወንዝ በማንኛውም ነገር አናምነውም። ስለዚህ ለድሬ ሰው የምመክረው ምርመራ ቀላል ነው። በየጊዜው ጎንበስ ብላችሁ ላስቲኩን እዩት። ዙሪያውን ጥቁር ግሪስ ተረጭቶ ካያችሁ ላስቲኩ ተቀዷል። ድምፅ እስኪመጣ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ዋናው። የነፍስ ጉዳይ ነው ያሉት እውነት ነው። ይህን ነጥብ ለማሳነስ አልሞክርም። ቦል ጆይንት እንደ ዳሌ አጥንት ነው፤ ኳሷ ጎድጓዳ ቤት ውስጥ ገብታ ወደ ፈለገችው ትዞራለች። ብራቾውን፣ ማለትም ከመኪናዋ አካል ወደ ጎማው የሚዘረጋውን ክንድ፣ ጎማውን ከያዘው ብረት ጋር የምታገናኘው እሷ ናት። ቤቷ ሰፍቶ ኳሷ ከወጣች ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፤ መሪም ፍሬንም አይመልሰውም። ደንገጎ ላይ ይህ ሲሆን ማሰብ አልፈልግም።

ግን «አደገኛ ስለሆነ ጋራዥ ብቻ» የሚለው መደምደሚያ ከዚህ አይመጣም። ፍሬንም የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ሸራ የሚቀይር ሾፌር ግን ስንት አለ። ሥራው ላይ ሰው የሚገድለው በአብዛኛው ቦል ጆይንቱ ሳይሆን ክሪኩ ነው። ጸሐፊው ስለ ክሪክ አንድ መስመር አልጻፉም፤ እኔን የገረመኝ እሱ ነው። የኔ ግቢ አፈሩ አሸዋማ ነው። የመጀመሪያ ቀን መኪናዋን አንስቼ ስታንድ (የብረት መደገፊያ) ላይ ሳሳርፋት የስታንዱ እግሮች ቀስ እያሉ ሲሰምጡ በዓይኔ አየሁ። ደግነቱ ገና ሥር አልገባሁም ነበር። አሁን ወፍራም ሳንቃ አለኝ፤ ስታንዱ ሁልጊዜ ሳንቃው ላይ ነው የሚቆመው። የኋላ ጎማዎች በፊትም በኋላም ድንጋይ ይደረግባቸዋል። የእጅ ፍሬን ይያዛል። የወጣው ጎማ ደግሞ እንዲሁ አይጣልም፤ በጎን በኩል ከመኪናዋ ሆድ ሥር ይተኛል። ስታንዱ ቢከዳ እንኳ መኪናዋ ጎማው ላይ ታርፋለች፣ እናንተ ላይ ሳይሆን። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ካለ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ጋራዥ ይሂድ።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነው። «ኳ ኳ ካለ ቦል ጆይንት ነው።» አይደለም! ኳ ኳ የሚል ነገር ከመኪና ሥር ስንት አለ መሰላችሁ። ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ቶሎ ቶሎ የሚንኳኳ ቀጭን ድምፅ ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘሩ፣ ማለትም ግራና ቀኝ እግሩን የሚያያይዘው ዘንግ፣ ሊንክ ነው። ፍሬን ስትይዙ አንድ ጊዜ ዱብ የሚል ከሆነ የብራቾውን ጎሚኒ (የላስቲክ መቀመጫውን) ጠርጥሩ። መሪ ሙሉ ጠምዝዛችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ቀጭ ቀጭ የሚለው የአክስሉ ጫፍ ነው። ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ ከላይ በኩል ግርር ካለ የአሞርቲዛተሩ (የንዝረት ማብረጃው) መቀመጫ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ ለሁለት ሳምንት ቦል ጆይንት ነው ብዬ የተጨነቅኩበት ድምፅ በመጨረሻ ኮፈን ውስጥ ሳይታሰር የተቀመጠ የጎማ መፍቻ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራቸው ሳቃቸው አጥር ዘሎ ተሰማ።

እንዴት ይለያል? መኪናዋን አንሱ፤ ጎማው አየር ላይ ይንጠልጠል። መጀመሪያ ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዛችሁ ወዝውዙት። በዚህ በኩል ክፍተት ካለ ብዙ ጊዜ ቴስቲኒው ነው፤ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው። ቀጥሎ ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ። እዚህ ላይ ክፍተት ካለ ወይ ቦል ጆይንት ነው፣ ወይ የጎማው ኩሽኔታ። ሁለቱን ለመለየት የቤት ሰው ጥሩና ፍሬኑን ረግጦ ይያዝላችሁ። ፍሬን ሲያዝ ክፍተቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው። ፍሬን ተይዞም ክፍተቱ ካለ ወደ ቦል ጆይንቱ ሂዱ። ይህን ሙከራ የምሠራው የአሥር ዓመት ልጄን ሹፌር ወንበር ላይ አስቀምጬ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚወደው ሥራ ይሄ ነው።

ከዚያ የመጨረሻው ማረጋገጫ አለ። ረጅም ፌሮ ከጎማው ሥር አስገቡና ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ ፈንቅሉ። በሌላኛው እጃችሁ ቦል ጆይንቱን ራሱን ንኩት፤ ጣታችሁ ብራቾውንና ላይኛውን ብረት በአንድ ላይ ይንካ። ኳሷ ቤቷ ውስጥ ከፍና ዝቅ ስትል ጣት ላይ ይሰማል። ዓይን ይሳሳታል፤ ጣት አይሳሳትም። ጥንቃቄው አንድ ነው። ይህ የሚሠራው እንደ ኮሮላ ሞላው አሞርቲዛተሩ ላይ ለተጠመጠመ መኪና ነው። ሞላው ታችኛው ብራቾ ላይ የተቀመጠበት መኪና ከሆነ ክሪኩ መግባት ያለበት ከብራቾው ሥር ነው። ጎማው እንዲሁ ከተንጠለጠለ ሞላው ቦል ጆይንቱን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ያለቀው ደህና መስሎ ይታያል። ስንት ሰው «ደህና ነው» ተብሎ በዚህ ተሸውዷል!

ሦስተኛ፣ ፕሬስ። ጸሐፊው ሁሉም ቦል ጆይንት በፕሬስ የሚገባ አስመስለው ነው የጻፉት። እውነቱ፣ አገባቡ በየመኪናው ይለያያል። የኔ ኮሮላ በአንድ ቡሎንና በሁለት ዳዶ ብራቾው ላይ ይታሰራል። ፕሬስ አይፈልግም፤ 17 ቁጥር መፍቻና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። በሪቬት የተመታ አለ፤ ሪቬቱ በድሪል ይበሳና አዲሱ በቡሎን ይታሰራል። ከብራቾው ጋር አንድ ላይ የተሠራም አለ፤ እሱን ብራቾውን በሙሉ መቀየር ነው። ዘንጉን በጎን ቡሎን ቆንጥጦ የሚይዝም አለ። እዚህኛው ላይ ቡሎኑ ላልቶ አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ዘንጉ ላይ ቡሎኑ የሚያልፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለና። ይህን ያላወቀ ሰው ቡሎኑን አላልቶ መዶሻ ሲያወርድ ይውላል፤ አይወጣለትም።

በፕሬስ የሚገባውም ቢሆን ቤት ውስጥ ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። ብራቾውን ግቢህ ውስጥ ትፈታለህ፤ በባጃጅ ጭነህ ቶርኖ ቤት ትወስዳለህ፤ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባልሃል፤ ተመልሰህ ትገጥማለህ። ጸሐፊው ቤትና ጋራዥ ብቻ ያሉ ይመስላቸዋል። ባጃጅ ግን መሀሉን ትሞላለች። መዶሻ እየመቱ ማስገባት ግን ይቅር። የኳሷ ቤት ይጣመማል፣ ላስቲኩም ይጎዳል። ልል ሆኖ ሲገባ በብየዳ ጠብ ጠብ የሚያደርጉም አይቻለሁ። በብየዳ ሙቀት ውስጡ ያለው ግሪስና ማንሸራተቻው ምን እንደሚሆን እስቲ አስቡት።

እኔ ራሴ ቤት አይሠራም የምለው አንድ ዓይነት አለ። ሞላው ብራቾው ላይ ተጨምቆ የተቀመጠበት መኪና። እዚያ ሞላ ውስጥ የታመቀው ጉልበት ቀልድ አይደለም። ብራቾው በክሪክ ሳይደገፍ ቦል ጆይንቱ ከተላቀቀ ብራቾው እንደ ወጥመድ ይስፈነጠራል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። አጠገቡ የሚያውቅ ሰው የሌለው አይንካው።

አሁን ወደዚያ የመጀመሪያ ቀን ልመለስ። የኮሮላው ዘንግ ወደ ላይ ነው የሚያየው፤ ዳዶው ከአክስሉ ሥር ጠባብ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ኮፒሊያውን በፒንሳ ለማውጣት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነበር የጀመርኩት፣ ፀሐይ ሳትከር ልጨርስ ብዬ። 4 ሰዓት ላይ ዳዶው ወጥቷል፤ ዘንጉ ግን ንቅንቅ አላለም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ተናድጄ የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ መታሁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ጥርሱ ተጨፈለቀ። አሮጌ ነው፣ ምን አለበት ትሉ ይሆናል፤ ችግሩ ዘንጉ እንደ እንጉዳይ ስለተጨፈለቀ ወደ ታች በቀዳዳው አላልፍም አለ። በብረት መጋዝ ቆርጬ ነው የገላገልኩት።

በሁለተኛው ጊዜ ጎረቤቴ መዶሻውን ከእጄ ተቀበሉኝና ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ብረት በጉልበት አይላቀቅም፣ በድንጋጤ ነው» አሉኝ። ዳዶውን ሙሉ በሙሉ እንዳላወጣው፣ በጥቂት ጥርስ ላይ እንድተወው አዘዙኝ፤ ሲላቀቅ ብራቾው ድንገት እንዳይወርድ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል እንዲነሱ አደረጉ፤ አንዱ ብቻ ከተነሳ ስታቢላይዘሩ ብራቾውን ይወጥረዋልና። ከዚያ ዘንጉን ሳይሆን ዘንጉ የተቀመጠበትን ቀለበት ከጎኑ ምታ አሉኝ። በአንድ በኩል ከባድ መዶሻ ደግፈው ያዙ፤ እኔ በሌላው በኩል ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርጌ መታሁ። ጠብ! አለ። ቀለበቱ ሲመታ ለቅጽበት ቅርጹን ይስታል፤ ያንን ጊዜ ሾጣጣው ይለቃል። ሦስት ሰዓት ያንገላታኝ ነገር በሁለት ምት አለቀ።

ሹካ የሚባለውን መሣሪያ የሚጠቀሙ አሉ፤ መሀል አስገብተው በመዶሻ ይመቱታል። ለሚጣል ቦል ጆይንት ምንም አይደል። ለማይጣል ቴስቲኒ ግን አትንኩት፤ ላስቲኩን ይበጣጥሰዋል። መንቀያ መዋስ ይሻላል። ሌላም አለ። ዘንጉ ሲላቀቅ ጎማው የሚቀመጥበት ብረት ወደ ውጭ እንዳይወድቅ በሽቦ እሰሩት፤ የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር፣ አክስሉም ከቦታው እንዳይሳብ።

እንግዲህ የግሪሱ ምክር። «ሾጣጣውን ግሪስ ቀቡት፣ ሌላ ጊዜ በቀላሉ ይወጣላችኋል።» በቀላሉ መውጣቱ እውነት ነው፤ ጣጣው እሱ ነው! ሾጣጣው ቀለበቱ ውስጥ የሚጸናው ብረት ከብረት ጋር በደረቁ ተጣብቆ ነው። መዞር ያለባት ኳሷ ናት፣ ቤቷ ውስጥ። ዘንጉ አይዞርም። ግሪስ ከተቀባ ግን ዘንጉ ቀለበቱ ውስጥ መንሸራተት ይጀምራል፤ ቀዳዳውን ቀስ በቀስ እየበላ ያሰፋዋል። ያኔ የሚቀየረው ቦል ጆይንት ብቻ አይሆንም። ከዚህም ሌላ፣ ግሪስ ያለበት ሾጣጣ በተመሳሳይ ማጥበቂያ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ይገባል፤ ቀለበቱ ይጨናነቃል። ትክክለኛው ተቃራኒው ነው። ዘንጉንም ቀዳዳውንም በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ አዲሱ ዕቃ ላይ ያለ የመከላከያ ዘይት ካለም አጥቡት። ደረቅ ብረት ለደረቅ ብረት። ግሪስ ቦታው ላስቲኩ ውስጥ ነው። የግሪስ መግቢያ ጡት ያለው ዓይነት ከሆነ በፓምፕ ይሞላል፤ ላስቲኩ በትንሹ እስኪያብጥ እንጂ እስኪፈነዳ አይደለም።

አንዳንዴ ዳዶውን ስታጠብቁ ዘንጉ አብሮ ይዞራል፣ አይጠብቅም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ጎሚስታ ይጠራል። መላው ቀላል ነው። ክሪኩን ከቦል ጆይንቱ ሥር አድርጋችሁ በትንሹ ግፉት፤ ሾጣጣው ቀዳዳው ውስጥ ይነክሳል፤ ከዚያ ዳዶው ይጠብቃል።

የዳዶው ምክር ከዚህም ይብሳል። ዳዶው እንደ ዘውድ ጥርስ አለው፤ ኮፒሊያዋ በጥርሱና በዘንጉ ቀዳዳ አልፋ ትቆልፈዋለች። መመሪያው ላይ በተጻፈው ልክ አጥብቃችሁ ቀዳዳው ካልገጠመ ወደ ፊት ነው የሚኬደው፤ እስከሚቀጥለው ጥርስ ጨምሩ። ወደ ኋላ መመለስ ማለት ልል ትቶ መሄድ ማለት ነው። ኮፒሊያዋ ዳዶው እንዳይወጣ ትይዛለች እንጂ ሾጣጣውን አጥብቃ አትይዝም። ኮፒሊያዋም አዲስ ትሁን። በሚስማር የተካ መኪና አይቻለሁ፤ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ጎረቤት ነው።

በጥንድ ይቀየራል ስለተባለው ብዙ አልከራከርም። አንዱ ካለቀ ሌላውም ተመሳሳይ መንገድ ነው የሄደው፤ ፈትሹት። ክፍተት ከሌለውና ላስቲኩ ደህና ከሆነ ግን ለምን ተብሎ ነው ደህና ዕቃ የሚጣለው? የኔ የቀኙና የግራው መካከል አንድ ዓመት ተኩል ነበር።

ጋራዥ ከሠራው ሐሳብ የለም የሚለው ላይ ግን ልምድ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የብራቾ ጎሚኒ አንድ ጋራዥ ወስጄ አስቀየርኩ። ስም አልጠራም። የሄድኩት ከቀትር በኋላ ነበር፤ በበርጫ ሰዓት ድሬ ላይ ቀልጣፋ መካኒክ መፈለግ ራሱ ስህተት ነው፣ አውቃለሁ። ልጁ መኪናዋ አየር ላይ እንዳለች፣ ጎማው እንደተንጠለጠለ፣ ቡሎኖቹን ጥብቅ አድርጎ ጨረሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ ጎሚኒዎቹ ተቀደው እንደገና ዱብ ዱብ ማለት ጀመረች። ምክንያቱ በኋላ ገባኝ። ጎሚኒው ውስጥ ያለው ላስቲክ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናዋ መሬት ስትይዝ ላስቲኩ ከመጀመሪያው ተጠማዞ ነው የሚቀመጠው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ይበልጥ ይጠማዘዛል። ቡሎኑ የመጨረሻውን ማጥበቂያ ማግኘት ያለበት መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ ክብደቷ ሲያርፍባት ነው። ይህቺን ትንሽ ነገር ያወቅኩት ጋራዥ ውስጥ አይደለም፤ ኒሙ ሥር ነው። ጥሩ ጋራዥ የለም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 መሠራት የጀመሩትን ፔጆ 404ዎች ሐረር ላይ ታክሲ አድርገው ለአሥርት ዓመታት በእጃቸው ያቆዩ ሰዎች ካሉበት አገር ነው የምጽፈው። ግን የጋራዥ በር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የቆማችሁበት ጋራዥም ቢሆን ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ኮፒሊያ አለ ወይ፣ መጨረሻው የጠበቀው መሬት ላይ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ጎማውን መልሳችሁ ስትገጥሙም በእግር ረግጦ ማጥበቅ ይቅር። ለብዙዎቹ ትናንሽ ቶዮታዎች የጎማው ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በቶርክ መፍቻ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው፣ ብታጠብቁ ደስ ይለኛል። ከሌለ፣ አንድ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ አሥር ኪሎ ተኩል ገደማ መጫን ማለት ነው። አንድ ሰው ሙሉ ክብደቱን ጭኖ ከሚዘልበት በጣም ያነሰ ነው። ጥቂት ቀን ከነዳችሁ በኋላ ሁሉንም እንደገና ሞክሩ።

ጸሐፊው ጭራሽ ያልነኩት አንድ ነገር ቀረ፤ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ በማሽን ማስለካት። እንደ ኮሮላዬ በቋሚ ቀዳዳ የሚታሰር ቦል ጆይንት ሲቀየር የጎማው አቅጣጫ ብዙም አይለወጥም፤ ያም ሆኖ መሪው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ማስለካት ነው። ቴስቲኒ ከተቀየረ ግን ማስለካት ግዴታ ነው። ሲፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ቆጥሮ አዲሱን በዚያው ልክ መግጠም መኪናዋን ማሽኑ ጋ ለማድረስ ያህል ነው፤ ማሽኑን አይተካም። ያለበለዚያ አዲስ ጎማ በጎኑ ተበልቶ ታገኙታላችሁ።

የኔም ቴስቲኒዎች ጊዜያቸው ደርሷል፤ ባለፈው ሳምንት በግራና በቀኝ ስወዘውዝ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ቅዳሜ ጠዋት እጀምራለሁ። መንቀያውን ጎረቤቴ ያውሱኛል፣ ወንበራቸውንም ይዘው ይመጣሉ። ሳንቃው እዚያው ኒሙ ሥር ነው።